ወለሉ የማን ነው?

አያቴ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር አንድ ጥቁር ክብ ነበረ። ስፋቱ የከሰል ምድጃ ያህል ነው። እንግዳ ሲያየው ቆሻሻ ይመስለውና እንዳይረግጠው ዞር ብሎ ያልፋል። ቆሻሻ ግን አልነበረም። ከአርባ ዓመት በላይ ቡና የተፈላበት ቦታ ነው። ከምድጃው ሥር ቆርቆሮ ቢነጠፍም ሙቀቱ ቀስ በቀስ እየወረደ ጣውላውን አጠቆረው። ከክቡ አለፍ ሲሉ ደግሞ ሳሎኑን ለሁለት የከፈለ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነበር። ወዲህ እኛ፣ ወዲያ ጎረቤታችን።

በ2016 ዓ.ም ሰፈራችን ሲፈርስ ያ ግድግዳ ከሁሉ ቀድሞ ወደቀ። የሳሎኑን ወለል ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ያየሁት ያን ቀን ነው። አንድ ዓይነት ጣውላ ነው፣ የተነጠፈውም በአንድ ጊዜ ነው፤ መልኩ ግን ሁለት ነበር። በእኛ በኩል ያለው የማር መልክ ይዞ ያበራል። በወዲያኛው በኩል ያለው ጠቁሯል፣ ሰርጉዷል፣ አንዳንዱ ጋ እግር ያስገባል።

ዛሬ ስለ ጣውላ ወለል ልጽፍ ነው። «የአገሩ ጉዳይ አልቆብህ ነው ወለል ላይ የወደቅከው?» የምትሉኝ አትጠፉም። እስቲ ታገሡኝ። ያ ሁለት መልክ ከየት መጣ ብዬ ስከተለው ነገሩ ከአናጢ ቤት ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 47 ድረስ ወሰደኝ።

ውኃ ያሸነፈው ቤተ መንግሥት

ከሩቅ እንጀምር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የቬርሳይን ቤተ መንግሥት ሲያሠራ ለወለሉ እብነ በረድ መርጦ ነበር። እብነ በረድ ግን ሁልጊዜ መታጠብ ይፈልጋል። የሚታጠብበት ውኃ በመጋጠሚያው እየሰረገ ከሥር የተሸከመውን አግዳሚ እንጨት አበሰበሰው። እናም እ.ኤ.አ. በ1684፣ እኛ ዘንድ አድያም ሰገድ ኢያሱ ጎንደር ላይ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት ገደማ፣ እብነ በረዱ ተነሥቶ በጣውላ ተተካ። በአራት ማዕዘን ተገጣጥሞ በሰያፍ የሚነጠፈው ያ ፓርኬ ዛሬም ድረስ በቬርሳይ ስም ይጠራል።

ልብ በሉ፤ ጣውላው የመጣው ለጌጥ ብቻ አይደለም። በውኃ የማይታጠብ ወለል ስለተፈለገ ነው። ጣውላ በሰም ይቀባል፣ በደረቁ ይታሻል። የወለል እንክብካቤ የመጀመሪያው ትምህርት ይሄው ነው፦ ጣውላን የሚገድለው እግር ሳይሆን ውኃ ነው። እግር መቶ ዓመት ቢመላለስበት ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢቀንሰው ነው። እንጨት ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ግን መበስበስ ይጀምራል።

በደረቁ ማሸቱ ታዲያ ሰው ይጠይቃል። በፓሪስ ትላልቅ ቤቶች ሥራቸው ይኸው ብቻ የሆነ ሰዎች ነበሩ። ብሩሽ እግራቸው ላይ አስረው፣ ሲደንስ እንደዋለ ሰው እየተወዛወዙ ወለል ሲያሹ ይውላሉ። ያረጀውን ወለል የሚፍቁት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ሠዓሊው ጉስታቭ ካይቦት እ.ኤ.አ. በ1875 የሣላቸው እነሱን ነው፦ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን የሆኑ ሦስት ሰዎች ተንበርክከው ወለል ይፍቃሉ፤ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ጀርባቸው ላይና ጣውላው ላይ ተኝቷል። የዘመኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ዳኞች ሥዕሉን አልቀበልም አሉ። በዓመቱ ካይቦት ከኢምፕሬሽኒስቶቹ ጋር ሆኖ አሳየው። ዛሬ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ያን ሥዕል ባየሁት ቁጥር ትዝ የምትለኝ አያቴ ናት።

ጣውላ አዲስ አበባ ሲገባ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ቤት ማለት ጭቃና ሣር ነው፤ ወለል ማለት ደግሞ እበት የተለቀለቀ መሬት ነው። ከተማዋ እያደገች ስትሄድ እንጨት አለቀባት። ማገዶ ከመራቁ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እንደነበር የታወቀ ነው። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ማገዶና ማገር ይሆናል። ለጣውላ የሚፈለጉት ግን የአገሩ ዛፎች ነበሩ፤ በተለይ ጥድና ዝግባ። ሁለቱ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ጥድ ሽታው ደስ ይላል፣ ምስጥና ብስባሴን ይቋቋማል፤ ግን ጉጥ ይበዛበታል፣ በቀላሉም ይሰነጠቃል። ዝግባ ለመላጊያ የሚመች፣ ለስላሳና ቀጥ ያለ እንጨት ነው፤ እርጥበት ካገኘው ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ነገሩን የሚያስቅ የሚያደርገው በእንጨት ሳይንስ አከፋፈል ሁለቱም «ለስላሳ እንጨት» የሚባሉት መሆናቸው ነው። «ጠንካራ» የሚባለው ወገን እንደ ወንዛና ኮሶ ያሉትን ሰፊ ቅጠል ያላቸውን ዛፎች ይይዛል። ክፍፍሉ የዛፉን ዘር እንጂ ጥንካሬውን አይናገርም።

ከዚያ ሕንዶችና አርመኖች ግንበኞችና አናጢዎች መጡ። በ1909 ዓ.ም ደግሞ ባቡሩ አዲስ አበባ ደረሰና ቆርቆሮውም፣ ሚስማሩም፣ መስታወቱም ከጅቡቲ በገፍ መግባት ጀመረ። ከአገሩ አናጢዎች እጅ ጋር ተዳምሮ ዛሬ «የድሮ ቤት» የምንለው ተወለደ፦ ከሥር የድንጋይ መሠረት፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ፣ ከላይ ጥልፍ የመሰለ የእንጨት ክፈፍ፣ ከውስጥ ሲረገጥ የሚያወራ ወለል። በ1898 ዓ.ም ገደማ የተመሠረተው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ገብታችሁ የምታውቁ ወሬውን ሰምታችሁታል። በጥር 2007 ዓ.ም ቃጠሎ ደርሶበት፣ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል።

የእነዚህ ቤቶች አሠራር ብልሃት አለው። ወለሉ መሬት አይነካም። በድንጋዩ መሠረት ላይ አግዳሚ እንጨቶች ይጋደማሉ፤ ጣውላው በእነሱ ላይ ይመታል፤ ከሥር ባዶ አየር አለ። በመሠረቱ ላይ ደግሞ ትናንሽ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። ንፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ እርጥበቱንም ይዞ ይሄዳል። ቀዳዳዎቹ ክፍት እስከሆኑ ወለሉ አለ። አይጥ ገባብን ብሎ የደፈናቸው ሰው ወለሉን ከሥር ማጥፋት እንደጀመረ አያውቅም። ከቤቱ ፊት ያለው መንገድ አፈር በተደፋበት ቁጥር ከፍ ሲልና ቀዳዳዎቹን ሲቀብራቸውም ያው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ

አያቴ ወደዚያ ቤት የገባችው በሠራተኝነት ነው፤ ልጅ እያለች። ጣውላ ያየችው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። «መሬቱ የሚያበራ ቤት ገባሁ» ትላለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምንጣፉ ይወጣል፣ ወንበሩ ይነሣል። ተንበርክካ ሰሙን በጨርቅ ትቀባለች፤ ክብ ክብ እያደረገች ሳይሆን የእንጨቱን ጅማት ተከትላ። እስኪደርቅ ትተወዋለች። ከዚያ አሮጌ ብርድ ልብስ አጣጥፋ እግሯ ሥር ታደርግና ከዳር እስከ ዳር እየተንሸራተተች ታሸዋለች። የቤቱ ልጆች ብርድ ልብሱ ላይ ተቀምጠው እሷ ትጎትታቸው ነበር። «ክብደት ሲኖረው ይበልጥ ያበራል» ትላለች ስትስቅ። በፓሪስ እግራቸው ላይ ብሩሽ ያሰሩት ሰዎች ሥራ አዲስ አበባ ላይ በብርድ ልብስ ተሠራ ማለት ነው።

ጉልበቷን ዛሬም ያማታል። ይሄን የምጽፈው ነገሩን ጌጥ ላደርገው አይደለም። የሚያበራ ወለል በታየ ቁጥር የተንበረከከ ሰው አለ። ባለቤቱ በፎቶግራፍ ላይ ይታያል፤ የተንበረከከው አይታይም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት ሌላ ያለው ሁሉ ያለ ካሣ ተወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ኪራይ ተቀነሰ። በአከራይ ፊት ሲንቀጠቀጥ የኖረ ስንቱ ተከራይ ያን ቀን እፎይ አለ። ይሄን መካድ አይቻልም፤ እኔም ያደግሁት በዚያ አዋጅ ምክንያት ነውና አልክድም።

አያቴ የሳሎኑ ግማሽና አንድ የኋላ ክፍል ደረሳት። «ስወለውለው የኖርኩትን ወለል ተከራየሁት» ትላለች። ሌላው ግማሽ ለሌላ ቤተሰብ ሆነ፤ ኮምፔንሳቶውም ቆመ።

አዋጁ ቤቱን ለሰው ሰጠ፤ ወለሉን ግን ለማንም አልሰጠም። ነገሩን በብር እናስበው። የቀበሌ ቤት ኪራይ በተቆረጠበት ላይ ቆሞ ለአሥርት ዓመታት ቀረ። የሚሰበሰበው ገንዘብ ቆርቆሮ አይቀይርም፣ ጣውላም አይጠግንም። ተከራዩም ያለ ፈቃድ ማደስ አይችልም፤ ቢፈቀድለትም ነገ ልቀቅ ሊባል በሚችልበት ቤት ላይ ደመወዙን አያፈስስም። መንግሥት ባለቤት ነው ግን አይንከባከብም፤ ነዋሪው ይኖርበታል ግን ባለቤት አይደለም። ጣውላ ወለል ደግሞ እንደ ድንጋይ ትተውት የሚቆይ ነገር አይደለም። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት የሚያደርግለት ሰው ይፈልጋል።

በጎረቤታችን በኩል የሆነው ይሄ ነው። ጣራው ማፍሰስ ጀመረ። አመለከቱ። እንደገና አመለከቱ። መልስ አልመጣም። ልጆች ያሉበት ቤት ነውና የራሰው ወለል ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፉ፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከሥር ታፈነ። ምስጥ ታየ ሲባል የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡበት። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው የሚያደርገው እሱን ነበር። የተቃጠለ ዘይት ግን አይደርቅም፤ አቧራ ይይዛል፣ እሳት ይወዳል፣ ከዚያ በኋላ ቨርኒሽም ሰምም አይቀበልም። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ጣራው ቀዳዳ የሆነበትን ወለል ሰም አያድነውም።

በእኛ በኩል ጣራው ደህና ነበር። ዕድል ነው። የቀረው የአያቴ ቅዳሜ ነው። በደርግ ጊዜ የወለል ሰም ሲጠፋ የጧፍ ቁራጭ ትሰበስብ ነበር። ውኃ በፈላበት ድስት ውስጥ ሌላ ጣሳ አስቀምጣ ሰሙን ታቀልጠዋለች፤ ካወጣችው በኋላ፣ ከእሳቱ ርቃ፣ ጥቂት ላምባ ትጨምርበታለች። ለማንም ብላ አይደለም። አሁን ግን ለጌታ ሳይሆን ለራሷ ተንበረከከች። ቅኔ ለምታውቁ፣ እዚህ ቤት ሰሙ የሚቀባው ወርቁ እንዳያልቅ ነበር።

ፈውሱ ሲገድል

ሰፈሩ ሲፈርስ ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግሬ ከእኛ በኩል 31 ጣውላ አወጣሁ። የቀረው የጭነት መኪና ላይ ተጫነ፤ ማገዶ ነው አሉኝ። የጥድ ማገዶ! ጥድ፣ ዝግባ፣ ወንዛና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ በስም ጠቅሶ ከልክሎ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰፊና ቀጥ ያለ የጥድ ጣውላ ዛሬ ገበያ ወጥቶ መግዛት ዘበት ነው።

ጣውላዎቹን አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ወሰድኳቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአያቴን ክፍል ሊሾ እንዲሸፍኑልኝ ነው ሐሳቤ።

«ጋሼ፣ በማሽን ይላግልኝ፤ አዲስ ይምሰል» አልኳቸው።

ጣውላውን ገልብጠው ጎኑን አሳዩኝ። አንዱ ጎን ምላስ አለው፤ ሌላው ጎን ምላሱ የሚገባበት ቦይ። «ልጄ፣ የወለል ዕድሜ ከዚህ ምላስ በላይ ያለው ነው። ከሥር ያለው ውፍረት አይቆጠርልህም» አሉኝ። ለካን፤ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። ወለል የሚልግ ማሽን እንደ አያያዙ በአንድ ጊዜ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። በየአምስት ዓመቱ አዲስ ይምሰል የሚል ባለቤት የያዘው ወለል በአንድ ሰው ዕድሜ ያልቃል ማለት ነው። አስቡት፤ አርባ ዓመት በሰም የኖረውን ወለል እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ በፍቅር ልጨርሰው ነበር።

ከእሳቸው የተማርኩትን ልጻፍላችሁ፤ የጣውላ ወለል ያለው ቤት የያዛችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

ከሁሉ በፊት ጣራውን፣ ቧንቧውንና የመሠረቱን መተንፈሻ ተመልከቱ። እርጥበቱ ሳይቆም የላዩን ማሳመር ሬሳ መኳል ነው። በርካሽ የሚጠገነውም ገና ሲጀምር ነው፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለዚህም ይሆናል።

ቀጥሎ፣ በበጋ በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ስታዩ አትደንግጡ። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ያውም በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ። በጥር የታየውን ክፍተት በስቱኮ ከደፈናችሁት ክረምት ሲገባ ጣውላው የሚሄድበት ያጣል፤ ወይ ስቱኮውን ይተፋል፣ ወይ ይጎብጣል። በዚሁ ምክንያት ከሌላ ቤት የመጣ ጣውላ ከመነጠፉ በፊት በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሳምንት በመሐሉ አየር እንዲያልፍ ተደርድሮ ይቆይ።

አሮጌው ሰም በተርፐንታይንና በጨርቅ ይነሣል። የቀረው በስለት ወይም በብርጭቆ ስባሪ ቀስ ብሎ ይፋቃል፤ የሚወጣው ወረቀት የመሰለ ቀጭን ልጣጭ ነው። ሽማግሌው ተንበርክከው ሲፍቁ ሳይ የካይቦት ሰዎች ትዝ አሉኝ። ያው እጅ፣ ያው ጉልበት ነው።

በመጨረሻ ሰም ወይስ ቨርኒሽ? ዛሬ የምንጠቀምበት ጠንካራ ቨርኒሽ መነሻው ኦቶ ባየር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1937 ያገኘው ፖሊዩሬታን ነው። ለሠራተኛ ጉልበት ትልቅ እረፍት ነው፤ ዓመታት ሳይነካ ይቆያል። ሲላጥ ግን ቦታውን ብቻ ማስተካከል ስለሚያስቸግር ብዙ ጊዜ ሙሉው ይፋቃል። ሰም በተቃራኒው ሥራው አያልቅም፣ ግን የተጎዳውን ቦታ ብቻ ቀብቶ ማሸት ይቻላል። አንዱን ምረጡ። ሰም በጠጣ ጣውላ ላይ ቨርኒሽ አይያዝም፤ በወሩ ይላጣል። በተልባ ዘይት የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ወለሉ የማን ነው?

ቤቱን ያሠራው ሰው ገንዘብ ነበረው። መንግሥት አዋጅ ነበረው፤ በ2016ም ቦታው የሕዝብ ጥቅም ነው ብሎ አስነሣን። ሁሉም በወረቀት ባለቤት ናቸው። ኮምፔንሳቶው ሲወድቅ ያየሁት ግን ሌላ ዓይነት ማስረጃ ነው። ወለሉን ማን ጣራ እንዳደረገለት፣ ማን እንደተወው፣ ማን እንደተንበረከከለት በጣውላው ላይ ይነበብ ነበር። ስለ ቅርስ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ማን እንደሠራው ነው። ከሠራው በኋላ ላለው መቶ ዓመት ማን እንዳቆየው አንጠይቅም። ላቆየው ሰው ባለቤትነትም ሆነ አቅም ሳንሰጥ ኖረን፣ ሲበሰብስ «አርጅቷል፣ ይፍረስ» እንላለን። ዕድሜ ብቻውን አላረጀውም። ሁለቱ ግማሾች እኩያ ነበሩ።

አናጢው ጥቁሩ ክብ ያለባቸውን ጣውላዎች ሲደርሱ «ይሄን ላውጣው?» አሉኝ። ትንሽ ፍቀው ተዉት። ጠልቆ ገብቷል፤ ለማውጣት ቢሞክሩ ምላሱ ላይ ይደርሳሉ። እንዳለ ተነጠፈ፤ አሁን አያቴ አልጋ አጠገብ ነው። ቡናው ዛሬ በኤሌክትሪክ ነው የሚፈላው።

የተነጠፈ ዕለት በከዘራዋ እየነካካች ዞር ዞር ብላ አየችው። አመስግና አልጨረሰችም። «ሰም ገዝተሃል?» አለችኝ። አልገዛሁም ነበር። ቅዳሜ ሊሆን ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ቸር ሰንብቱ።